ባላጋራ ያየው አንበሳ

በዚያ ዘመን ሥዕል የሚያምን ሰው አልነበረም። የሚንቀሳቀስም ይሁን የማይንቀሳቀስ፣ ድምፅ ያለውም ይሁን የሌለው፣ በመስታወት ላይ የሚታይ ነገር ሁሉ ማሽን ሊፈጥረው ስለሚችል እንደ ሕልም ተቆጥሮ ይታለፍ ነበር። ጋብቻ የሚጸናው በሚዜዎች ቃል፣ ሽያጭ የሚጸናው በእጅ መጨባበጥ ሆነ። ዜና አንባቢ የሚባለው ሙያ ቀርቶ፣ በዓይኑ ያየውን በአደባባይ ቆሞ የሚናገር ዜና ነጋሪ ተተካ። ተራርቀው የሚደዋወሉ ባልና ሚስት ሰላም ከመባባላቸው በፊት ከሁለቱ በቀር ማንም የማያውቀውን አንድ ነገር ይጠያየቃሉ፤ አንድ ጊዜ የተጠየቀ ተመልሶ አይጠየቅም። ብዙ ዘመን በትዳር የኖሩ ሰዎች ጥያቄ አለቀብን ሲሉ መስማት የተለመደ ነበር፤ አንዳንዶቹም አዲስ ምሥጢር ለማፍራት ብቻ ሽርሽር ይወጡ ነበር ይባላል።

የኢብሳ ቃሲም ትዳር ገና ጥያቄ አላለቀበትም። ኢብሳ በመልካ ዲማ ከተማ ፀጉር አስተካካይ ነበር። መልካ ዲማ ከባሌ ተራሮች በስተደቡብ፣ ከሐረና ደን ግርጌ የተቀመጠች የቆላ ከተማ ናት፤ በመካከሏ ያልፍ የነበረው ወንዝ ኢብሳ ሳይወለድ ደርቋል። ውኃ በቦቴ መኪና ይመጣል። ሰው ወረፋ አይቆምም፤ ጀሪካኑ ባለቤቱን ወክሎ ይሰለፋል፣ የሌላውን ጀሪካን ያንቀሳቀሰ ሰውም ከሠርግና ከለቅሶ ይገለላል። ኢብሳ የደንበኛን ራስ አጥቦ አያውቅም። የተቆረጠውን ፀጉር በለስላሳ ብሩሽ ያራግፋል፤ አንገትን በዱቄት ያደርቃል። ራስን በሞቀ ውኃ ማጠብ የሚባል ነገር እንደነበረ ያወቀው ከአባቱ ወግ ነው።

የከተማዋ ሰዎች ከደኑ ሥር ዋሻ ተቆፍሮ የላይኞቹ ምንጮች ወደ ታች እንዲወርዱላቸው ክስ አቀረቡ። ሕጉ ደግሞ ሰው ሊገድል የሚችል አውሬ በዱር የሚኖርበት ምድር ለአንድ ትውልድ አይቆፈርም ይላል። መልካ ዲማዎች በሐረና አንበሳ ካለቀ ቆይቷል አሉ። የደኑ ጠባቂዎች አለ አሉ። ሁለቱም ወገን ሥዕል ይዞ ነበር፤ ችሎቱ የአንዱንም አልተመለከተም። ነገሩ በዓይን ምስክር እንዲለይ ተወሰነ። ጠባቂዎቹ ወይዘሮ ደብሪቱ አስናቀን አቆሙ። መልካ ዲማ ዕጣ ጣለች፤ ዕጣው በፀጉር አስተካካዩ ላይ ወደቀ።

ጥንት በአገሩ ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪደርሱ ድረስ ኩታ ለኩታ ተቋጥረው ይጓዙ ነበር፤ አንዱ የሌላው ቁራኛ ይባላል። ሥዕል ሲሞት ያ ሥርዓት ከተኛበት ተነሣ፣ ከዚያም ባሕር ተሻግሮ የዓለም ሁሉ ሥርዓት ሆነ። አሁን የሚታሰረው የእጅ አንጓ ነው። ጨርቁ ከጥጥ የተሸመነ፣ በሁለት ሰው መካከል አንድ ሌላ ሰው የሚያስገባ ርዝመት ያለው፣ ቋጠሮው ላይ የሰም ማኅተም ያረፈበት ነው። ማታ ማታ በየማረፊያው ያለ ዘበኛ ይፈታዋል፤ ጠዋት መልሶ ያስረዋል። በአውሮፕላን ማረፊያዎች ለቁራኞች የተለየ ሰልፍ አለ፤ በአውሮፕላን ውስጥም ሰፋ ያለ ወንበር ይሰጣቸዋል። ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም ነበር።

ሌላም ድንጋጌ አለ። ያላየ ሰው፣ አላየሁም ለማለት አይበቃም። አንበሳ የለም ሊል የሚሄድ ሰው፣ አለመኖሩን የሚናገርለት ነገር ምን እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ስለዚህ ካጁ፣ አውሬው የለም የሚለው ወገን፣ በሦስት የሩቅ አገሮች ሦስት አዳኝ አውሬዎችን ፊት ለፊት አይቶ ሳይመለስ፣ በገዛ አገሩ ጉዳይ ቃል አይሰጥም። ርቀቱንም ሕጉ ወስኖታል፤ አውሬው ሊገድል በሚችልበት፣ ነገር ግን ባልገደለበት ርቀት። በምስክሩና በአውሬው መካከል መሣሪያ፣ አጥር ወይም መስታወት አይገባም። ያልተመለሱ ምስክሮች ስም በየችሎቱ መክፈቻ ይነበባል፤ የሚቀርበው ሁሉ ቆሞ ይሰማል።

ኢብሳ ከወይዘሮ ደብሪቱ ጋር የተገናኘው ማኅተሙ በተደረገባት ዕለት በሮቤ ነው። የመንዝ ሰው ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሽበታቸውን በአጭሩ የተከረከሙ ነበሩ፤ ኢብሳ በልማዱ መጀመሪያ ያየው ይህንኑ ነው፣ መቀሱ የማን እንደሆነ ባያውቅም ጥሩ እጅ እንደነበር ፈረደ። በሕይወታቸው ከአርባ በሚበልጡ አገሮች በአውሬ ፊት ቆመዋል ይባል ነበር። ግራ እጃቸውን ለቋጠሮው ዘረጉ፤ ቀኙን ለሰላምታ እፈልገዋለሁ አሉ። እንግዲህ የኢብሳ ቀኝ፣ መቀስ የሚይዝበት እጁ፣ ታሰረ።

«ባላጋራዬ አንተ ነህ?» አሉት። «ስትፈራ የምትሮጥ ነህ ወይስ የምትደርቅ? አስቀድሜ ልወቀው፤ አብሬህ መሮጤ ስለማይቀር።»

«እስካሁን ፈርቼ አላውቅም።»

«እንግዲያው ገና አልተወለድክም» አሉና መንገድ ጀመሩ።

መጀመሪያ የሄዱት ወደ ቤንጋል ነበር፤ ወንዞች ከባሕር ጋር በሚቀላቀሉበት፣ ዛፎች ሥራቸውን በጨው ውኃ ውስጥ ወደሚተክሉበት ረግረግ። ባለጀልባው ከጭቃው ዳር አውርዷቸው ራቅ ብሎ ቆመ። ፀሐይዋ ከፍ ካለች በኋላ ባለሸንተረሩ ነብር ወንዙን ዋኝቶ ተሻገረ። ሲወጣ ውኃው እንደ መጋረጃ ከላዩ ወረደ። አልተጣደፈም። ራሱን አራገፈ፣ አያቸው፣ የሚያስብ ይመስል ጥቂት ቆመ፣ ከዚያ እነሱ የሌሉ ያህል ወደ ደኑ ገባ። ኢብሳ አልሮጠም፣ አልደረቀምም፤ ነብሩ እስኪሰወር በዓይኑ ተከተለው።

«ምን አየህ?» አሉት ወይዘሮ ደብሪቱ።

«ነብር።»

«ይህን ከወንበርህ ሳትነሣ ትለው ነበር። ምን አየህ?»

ስለዚህ መናገር ጀመረ። ከጆሮዎቹ ጀርባ ሁለት ነጭ ክብ ምልክቶች አሉ፤ ዞሮ ሲሄድ እንደ ሌላ ጥንድ ዓይን ይመለከታሉ። የቀኝ ጆሮው ጫፍ ተቆርጧል። የጢሙ ፀጉሮች ከውኃው ሲወጡ ተጣብቀው ነበር፣ ወዲያው ግን አንድ በአንድ ተነሡ። ወይዘሮ ደብሪቱ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙት። ተቆርጧል ወይስ ተቀዷል ብለው ጠየቁት፤ የፊቱ ሸንተረሮች በግንባሩ ላይ ይገናኙ እንደሆነም ጠየቁት። ኢብሳ ፈተና መሆኑን አልተጠራጠረም። በልጅነቱ ያስተማሩት መምህራንም እንዲሁ ነበሩ፤ የሚያውቁትን ይጠይቁ ነበር።

ቀጥሎ ሰሜን ነው፤ በበጋ ፀሐይ የማትጠልቅበት፣ በረዶው ወደ ጥቂት ጉብታዎች የቀነሰበት ዳርቻ። ነጩ ድብ ከሩቅ በጠጠሩ ላይ መጣ፣ አፍንጫውን ወደ ላይ አንሥቶ፣ ሰውነቱ ሁሉ እየተወዛወዘ። ኢብሳ ነጭ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ተረዳ፤ ቀለሙ የጥርስ ቀለም ነው። የሕጉ ርቀት ሲደርስ ኢብሳ ቆመ። ወይዘሮ ደብሪቱ አልቆሙም። ጨርቁ እስኪወጠር ድረስ ሄዱ፤ ቀጥሎም በጨርቁ ኢብሳን እየሳቡ ጥቂት ቀረቡ። ድቡ በሁለት እግሩ ተነሣና ከላይ ተመለከታቸው። እስትንፋሱ በአየሩ ላይ ደመና ሠራ፤ ደመናው ሳይበተን ደረሳቸው፣ የዓሣ ስብ ይሸት ነበር። ከዚያ በአራት እግሩ ወረደና መንገዱን ቀጠለ።

የአገሩ ዘበኛ እንዲህ ያለ ድፍረት አይቶ እንደማያውቅ ነገራቸው። ኢብሳም ያን ቀን ከልቡ አደነቃቸው። እሱ ዕጣ ወጥቶበት የመጣ ሰው ነው፤ እሳቸው ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ለሌላ ፍጥረት ቃል ለመሆን በየአገሩ ሲቆሙ ኖረዋል። በራት ላይ ለምን ከሕጉ በላይ እንደቀረቡ ጠየቃቸው። ለመመስከር የሚሄድ ሰው ጥሩ አድርጎ ማየት አለበት አሉት። ቀጥለውም ስለ ድቡ ጠየቁት፤ የጥርስ ቀለም ነው ሲላቸው ሹካቸውን አስቀምጠው ረጅም ጊዜ ፈገግ አሉ።

ከማረፊያው ወደ ሚስቱ ወደ ሰዓዳ ደወለ። ሰዓዳ በሠርጋቸው ቀን ከእናቷ ደብቃ የበላችው ምን እንደነበር ጠየቀችው፤ መለሰላት። እሱም የመጀመሪያ ልጃቸው ሲወለድ በእጁ የቆረጠው ነገር ምን እንደነበር ጠየቃት፤ የገዛ ጣቱን አለችው፣ ምላጭ እየሳለ ሳለ። ተሳሳቁ። ከዚያ ቦቴው ሳምንቱን እንዳልመጣ፣ ሕፃናቱ አጓት እየጠጡ እንደሆነ ነገረችው። ቶሎ ጨርሰህ ና አለችው። ከተማው በሙሉ ስለ እሱ እያወራ እንደሆነም ጨመረችለት።

ሦስተኛው ጣቢያ በአውስትራሊያ ሰሜን፣ ሞቃት ቡናማ ወንዝ ዳር ነበር። እዚያ ነገሩ ተገለጠ። ወይዘሮ ደብሪቱ ወደ ውኃው ጠርዝ ሲወርዱ ኢብሳ ከፊታቸው የተጋደመውን አየ፤ አዞው በጭቃ ተሸፍኖ፣ አፉን ከፍቶ፣ ምንም ሳይንቀሳቀስ ነበር። እያዩት እንደሆነ አምኖ ጥቂት ጠበቀ። እግራቸውን ሲያነሡ ጨርቁን በሙሉ ኃይሉ ሳበው። ወደ ኋላ በእሱ ላይ ወደቁ። አዞው ተንሸራቶ ወደ ወንዙ ሲገባ ከጀልባ የሚረዝመው ሰውነቱ አንድ ጠብታ እንኳ አልረጨም፤ ውኃው እንደ በር ተከፍቶ ተዘጋ።

ወይዘሮ ደብሪቱ ተነሥተው ቀሚሳቸውን አራገፉ። ድምፃቸው አልተለወጠም፤ ባላጋራ ጥሩ ነገር ነው፣ ሲስብህም ያድንሃል አሉ። ኢብሳ ግን ወደ ፊታቸው ቀረበ። ሙያው የሰው ፊት በቅርብ ማየት ነው። በብርሃኑ ውስጥ በሁለቱም ብሌኖቻቸው ላይ ግራጫ ጭጋግ አየ።

«ሞራ ነው» አሉት ሳይጠይቃቸው። «ማስገፈፉ የአንድ ጠዋት ሥራ ነው፤ ነገር ግን ዓይኔ ውስጥ መስታወት ይገባል። መስታወት የገባበት ዓይን አይመሰክርም።»

«ምን ያህል ያያሉ?»

«ጥላና ብርሃን። ቀረብ ካለ ቅርጽ።»

ለምን እንደነገሩት ጠየቃቸው። ባላጋራዬ የማያውቀውን ነገር ይዤ ዳኛ ፊት አልቀርብም አሉ። ለጠባቂዎቹ ሲነሡ ነግረዋቸዋል፤ በዚህ ዓመት ግን ሌላ ምስክር የለም። እሳቸው ከቀሩ ደኑ ያለ ምስክር ይሸነፋል። ስለዚህ አውሬው ቅርጹን እስኪያውቁት ቀርቦ እንዲመጣላቸው ከመለመን በቀር ሌላ መንገድ የላቸውም። ኢብሳ በቤንጋልና በሰሜን የተጠየቀውን ሁሉ አስታወሰ። ፈተና አልነበረም። ዓይን ሆኖላቸው ነው የቆየው።

በዚያ ምሽት ለሰዓዳ ነገራት፤ እሷም ለከተማው ሽማግሌ ለኦቦ ቦኩ ነገረች። መልሱ ፈጥኖ መጣ። ሐሰት ተናገር የሚልህ የለም አሉ ኦቦ ቦኩ። ዝም በል ብቻ። ሴትየዋ ካላዩ አላየሁም ይላሉ፣ አንተም እንደ እሳቸው ነኝ ትላለህ፤ ውኃው ይወርዳል። ኢብሳ ይህን ሲሰማ ትከሻው ቀለለው። ከእሱ የሚፈለገው ነገር እንዲህ ትንሽ ሆኖ ተሰምቶት አያውቅም ነበር።

ወደ ሐረና ሲገቡ ዝናቡ ገና አላባራም። የዛፍ ሽበት፣ ያ በዛፍ ላይ የሚበቅል ግራጫ ጢም፣ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ተንጠልጥሏል፤ ጉሙ ከቀርከሃው መካከል እንደ እንግዳ ይገባና ይወጣል። ጠባቂዎቹ ከመጨረሻው ጎጆ ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ብቻ፣ ያለ መሣሪያ፣ በጨርቁ ተያይዘው በየቀኑ ይወጡ ነበር። ወይዘሮ ደብሪቱ በአፍንጫቸውና በጆሯቸው ይመሩ ነበር፤ የጦጣ ጩኸት ሲቋረጥ ይቆማሉ፣ እርጥብ አፈር አንሥተው ያሸታሉ። ኢብሳ ሥር ሲኖር ሥር አለ፣ ድንጋይ ሲኖር ድንጋይ አለ ይላቸዋል። መቼ እንደጀመረው አላስታወሰም። የተወሰነላቸው ቀን እያለቀ ሄደ፤ እያንዳንዱ ባዶ ቀን ለመልካ ዲማ ድል ነበር፣ ኢብሳም በየማታው በውስጡ ያመሰግን ነበር።

በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ምንጩን አገኙት። በገላጣ ቦታ፣ ከጥቁር ድንጋይ ሥር፣ ውኃው ማንም ሳያዝዘው እየፈለቀ ኩሬ ሠርቶ ነበር። ኢብሳ በሕይወቱ ባለቤት የሌለው ውኃ አይቶ አያውቅም። ወይዘሮ ደብሪቱ ድምፁን ሰምተው ጨርቁን ለቀቅ አደረጉለት። ወረደ፣ በጉልበቱና በታሰረ እጁ ተደግፎ አፉን ኩሬው ላይ አደረገ። ይህ ነው ውኃችን ብሎ አሰበ። ቀዝቃዛ ነበር፤ ጥርሱን አመመው። ጠጣ፣ ደግሞም ጠጣ።

ራሱን ቀና ሲያደርግ ከኩሬው ማዶ ሌላ ጠጪ ነበር።

አንበሳው መቼ እንደመጣ አልታወቀም። የፊት እግሮቹን አጥፎ፣ ጎፈሩ ውኃው ላይ ተዘርግቶ፣ ዓይኑን ከኢብሳ ሳይነቅል ይልስ ነበር። የምላሱ ድምፅ ብቻ ይሰማል። አንድ ዝላይ ይበቃው ነበር። ኢብሳ ለመሸሽ አላሰበም፤ በፊቱ ያለው ነገር ከፍርሃት የሚበልጥ ቦታ ያዘበት። ጨርቁ በቀኝ እጁ ላይ በዝግታ ተወጠረ፤ ወይዘሮ ደብሪቱ ከኋላው መጥተው ወደ ፊት አልፈውታል። ፊታቸው ተነሥቷል፣ የአፍንጫቸው ቀዳዳ ሰፍቷል፤ ግን የሚመለከቱት ከአንበሳው በስተግራ፣ ጉም ወዳቀፈው ቁጥቋጦ ነበር። በጥቁሩ ድንጋይ ላይ ጥቁሩ ጎፈር ቅርጽ አልሰጣቸውም።

አንበሳው ጠጥቶ ጨረሰ። ተነሣ። ዞሮ ሲሄድ ቅጠሉ እንኳ አልተሰማም።

ኢብሳ እስኪጠይቁት ጠበቀ። ምን አየህ ቢሉት ምን እንደሚመልስ አላወቀም፤ ዝም ቢል ለወይዘሮ ደብሪቱ ሐሰት ይሆንበታል፣ ቢናገር በከተማው ላይ ክህደት። ወይዘሮ ደብሪቱ ግን አልጠየቁትም። ለመጀመሪያ ጊዜ አልጠየቁትም። እንሂድ ብቻ አሉት። መንገዱን ሙሉ ሥር ሲኖር ሥር አለ፣ ድንጋይ ሲኖር ድንጋይ አለ እያለ መራቸው። ከጎጆው ሲደርሱ ገባው። ቢጠይቁት ኖሮ በችሎት የሚለውን ቃል መምራት ይሆንባቸው ነበር። የባላጋራን ቃል ከዳኛ ቀድሞ መንካት ለእሳቸው ነውር ነው።

ችሎቱ በሮቤ የኳስ ሜዳ ተሰየመ። የመልካ ዲማ ሰዎች በአንድ ወገን፣ ጠባቂዎቹ በሌላው ተቀምጠዋል። ያልተመለሱት ምስክሮች ስም ተነበበ፤ ሁሉም ቆሞ ሰማ። ከዚያ ዳኛ መርሻ ይመኑ ሁለቱን ቁራኞች ወደ መካከል ጠሩ።

«ወይዘሮ ደብሪቱ፣ በሐረና አንበሳ በዓይንዎ አይተዋል?»

«አላየሁም» አሉ። «ሰምቻለሁ። ሸትቶኛል። ነገር ግን ሐሰተኛ ድምፅም ሽታም በዘመናችን ይሠራል። ዓይኔ አላየም።»

ከመልካ ዲማ ወገን አንድ ረጅም እስትንፋስ ወጣ። አንዲት ሴት ለእልልታ አፏን ከፍታ በሌሎች ዓይን ተገታች። ሰዓዳ በሁለተኛው ረድፍ ነበረች፤ ሁለት እጇን በአፏ ላይ አድርጋለች። ዳኛው ለሥርዓቱ ያህል ወደ ኢብሳ ዞሩ። ቃልህ እንደ ቃላቸው ነው ወይ ብለው ጠየቁት። አዎ ማለት ብቻ ይበቃ ነበር።

ኢብሳ ጨርቁን ተመለከተ። ወይዘሮ ደብሪቱ ቢስቡት፣ ቢያንስ ቢነኩት፣ ዝም ለማለት ቀላል ይሆንለት እንደነበር አሰበ። ጨርቁ በመካከላቸው ላልቶ፣ ምንም ሳይፈልግ ተንጠልጥሏል። ሦስት አገር የዞረው ያላየ ሰው አላየሁም እንዳይል ነበር። አሁን ያየ ሰው ነው።

«አይደለም» አለ። «እኔ አይቻለሁ።»

ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡ። «አስበህ ድገመው። አንተ የመልካ ዲማ ባላጋራ ነህ።»

«አይቻለሁ። ከአንድ ኩሬ ጠጥተናል።»

ባላጋራ ካመነ ምስክር አያሻም። ጉዳዩ እዚያው ተዘጋ፤ ሐረና ለአንድ ትውልድ እንዳይቆፈር ተፈረደ። የመልካ ዲማ ሰዎች አንድ በአንድ ተነሥተው ልብሳቸውን አራገፉና ወደ መኪናቸው ሄዱ። ሰዓዳም አብራቸው ሄደች፤ ወደ ኋላ ዞር ብላ አንድ ጊዜ አየችው።

የቁራኛ ጨርቅ በችሎት አይፈታም። የሚፈታው በተረታው ሰው ደጃፍ ነው፤ የረታው ድሉ ምን እንዳስከፈለ በቦታው ተገኝቶ እንዲያይ። ስለዚህ ኢብሳና ወይዘሮ ደብሪቱ ተያይዘው ወደ ቆላው ወረዱ። ቦቴው በዚያው ጠዋት መጥቶ ነበር። የጀሪካኖቹ ሰልፍ ከኢብሳ ሱቅ ደጃፍ እስከ መስጊዱ ጥግ ተዘርግቷል፤ ባለቤቶቻቸው በግድግዳው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ሰላምታውን የመለሱት ሃይማኖታቸው ስለሚያስገድዳቸው ብቻ ነበር።

ኦቦ ቦኩ በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡ። ጎረቤቱ ናቸው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ራሳቸውን የሚላጩት በእሱና በአባቱ እጅ ነበር።

«አንድ ቃል ነበር ያስያዝንህ» አሉት። «ዓለምን ዞረህ ሌላ ቃል ይዘህ መጣህ።»

ሰዓዳ ከቤት ወጣች። በእጇ የሞላ ኩባያ ነበር፤ ሥርዓቱ ለረታው ውኃ ይሰጠው ይላል። ወይዘሮ ደብሪቱ ኩባያውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፣ የኢብሳም እጅ አብሮ ተነሣ። የሕፃናት ውኃ መሆኑን ያውቁ ነበር። ቢመልሱት ስድብ ነው። ቀስ ብለው፣ አንድ ጠብታ ሳያስቀሩ ጠጡት፣ አመሰገኑም። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ኢብሳ አዞሩ።

«አሁን ጉዳዩ አልቋል። ከተማህ ሁሉ እዚህ አለ» አሉት። «ምን አየህ?»

ኢብሳ የሚናገርበትን እጅ ፈለገ፤ ቀኙ ታስሯል፣ ግን ወይዘሮ ደብሪቱ ክንዳቸውን አላልተው ለቀቁለት። ወደ ኦቦ ቦኩ ሄደና፣ በሙያው እንደለመደው፣ ጣቱን ከግንባራቸው በላይ አሳረፈ። ጎፈሩ ከዚህ ይጀምራል አለ፣ በወርቃማ አጭር ፀጉር፤ ከጆሮው ሲያልፍ ይጠቁራል፣ ከትከሻው ሲደርስ ብርሃን የማይመልስ ጥቁር ይሆናል፣ በሆዱ ሥር እንኳ ይወርዳል። የዛፍ ሽበት ተጣብቆበት ነበር፤ ለበዓል ያጌጠ ይመስላል። በግራ ትከሻው ላይ ፀጉሩ ሳስቷል፣ እዚያ ሌላ አንበሳ ነክሶት ነበር። አገጩ ሸብቷል። ውኃ ሲልስ ምላሱ ወደ ኋላ እንደ ማንኪያ ይታጠፋል፤ በየልሱ መካከል ያቆምና ያዳምጣል። ዓይኖቹ ቢጫ ናቸው ቢባል ልክ አይደለም። ከበስተኋላቸው ሻማ የበራ የማር ቀለም ነው። እኔን ሲያየኝ አለ ኢብሳ፣ የዕጣ ሰው መሆኔን፣ የመልካ ዲማ ሰው መሆኔን አልጠየቀም፤ ከፊቱ የቆመ ሥጋ እንደሆንኩ ብቻ አየ፣ ተወኝም። እንዲህ ታይቼ አላውቅም።

ወይዘሮ ደብሪቱ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ትከሻው የሳሳው የግራው ነው ወይስ የቀኙ ብለው ደግመው ጠየቁ፤ የግራው ነው አላቸው።

ከጥላው ሥር የነበሩት ሰዎች ሳያስቡት ቀርበው ከበቧቸው። ሰልፉን ትተው የመጡ መሆናቸውን ያወቁት ቆይተው ነው፤ ጀሪካኖቹ ብቻቸውን ቆመው ነበር፣ የነካቸው የለም። አንድ ሰው፣ አገሳ ወይ? አለ። አላገሳም አለ ኢብሳ፤ ጠጥቶ ሄደ።

ኦቦ ቦኩ እጃቸውን አንሥተው የገዛ ግንባራቸውን፣ ጎፈሩ ይጀምራል የተባለበትን ቦታ ዳሰሱ።

«እና ከእኛ በላይ ተቀምጦ ውኃችንን የሚጠጣው ይኸ ነው?»

«እሱ ነው።»

ሽማግሌው ወደ ተራራው፣ ጉም ወደሸፈነው ደን ቀና ብለው ረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«እንግዲህ ጠጥቶ የተረፈውን ይላክልን» አሉና ወደ ጀሪካናቸው ተመለሱ።

ሰዓዳ ማኅተሙን በጥፍሯ ሰብራ ቋጠሮውን ፈታች። የደኑ መኪና ወይዘሮ ደብሪቱን ሊወስድ መጥቶ ነበር፤ በሚቀጥለው ሳምንት ዓይናቸውን እንደሚታከሙ፣ ከዚያ በኋላ ጥርት አድርገው እንደሚያዩና ያዩትን ማንም እንደማይቀበላቸው እየሳቁ ነገሯቸው። ኢብሳ ሱቁን ከፈተ። የእጁ አንጓ ቀሎት ነበር፤ ሆኖም ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት፣ በመልካ ዲማ ጠባብ መንገዶች ሲሄድ፣ በቀኙ በኩል ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ይተው ነበር።